ብቻችሁን ተራራ ላይ ቢመሽባችሁ፦ ከጎንደር ወደ ስሜን ለሚወጡ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ተራራ ልወጣ ነው የሚለኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ጅብ ነው። ቀጥሎ ስለ ምግብ። ስለ ብርድ የሚጠይቀኝ ግን ከስንት አንዴ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ደግሞ እሱ ነው። ስለዚህ ጥያቄዎቹን ሰብስቤ የማውቀውን ያህል እዚህ እመልሳለሁ። ድንኳንና ውድ ዕቃ ለሌለው፣ ትንሽ ነገር ብቻ በጀርባው ይዞ ለሚሄድ ሰው ነው የጻፍኩት።

መንገድ ብስት መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ቁሙ። ከዚያ ተቀመጡ። ውሃ ካላችሁ ተጎንጩ።

ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ሰው መጥፋቱን ሲያውቅ እግሩ በራሱ ጊዜ ይፈጥናል፣ ይሄኛው ኮረብታ ጀርባ ነው መንገዱ እያለ ከአንዱ ወደ አንዱ ይሮጣል፣ እንዲህ እያለ ከሚፈልጉት ሰዎች ይርቃል። እኔ ራሴ ወገራ ላይ፣ ከአንድ ዘመድ ቤት ወደ ሌላው ስሄድ፣ ነሐሴ ውስጥ ጉም ወረደብኝ። አገሩን የማውቀው መስሎኝ ነበር። አንድ ሰዓት ያህል ዞርኩ። የያዝኩት ጋቢ በካፊያው ርሶ እንደ ድንጋይ ከበደኝ። እጄ ስለቆፈነኝ የቦርሳዬን ዚፕ መክፈት አቃተኝ። መጨረሻ ላይ ተስፋ ቆርጬ አንድ ቋጥኝ ጥግ ተቀመጥኩና በየተወሰነ ጊዜ ማፏጨት ጀመርኩ። አንድ እረኛ ልጅ ሰምቶ መጣ። "ጋሼ፣ ቤቱ እኮ ይኸው" አለኝ። በእርግጥም 200 እርምጃ አይሆንም።

ደንቡ ይሄ ነው፦ የምታውቁት መንገድ ከ10 ደቂቃ በማይበልጥ ርቀት ከኋላችሁ ከሆነ በመጣችሁበት ዱካ ተመለሱ። ካልሆነ፣ ወይም ጉም ከወረደ፣ ወይም ከመሸ፣ እዚያው ሁኑ።

ለመሆኑ ሰውን የሚጎዳው ምንድን ነው? ረሃብ? አውሬ?

ብርድና እርጥበት ነው። ጤነኛ ሰው ያለ ምግብ ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ያለ ውሃ ሦስት ቀን ገደማ። እርጥብ ልብስ ለብሶ ነፋስ ላይ የቆመ ሰው ግን በጥቂት ሰዓት ውስጥ ሊያልቅለት ይችላል።

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ስሜን ውስጥ ተጓዦች የሚያድሩበት የጨነቅ ሰፈር ከ3,600 ሜትር በላይ ነው። በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ይወርዳል። ስለዚህ ፒያሳ ላይ በሸሚዝ የተቀመጣችሁበት ቀን እዚያ ላይ 10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል፣ ነፋሱን ሳንቆጥር። በታኅሣሥና በጥር ሌሊት ውርጭ ይጥላል። በክረምት ደግሞ በረዶና ዝናብ አለ።

ምልክቱን እወቁት። መጀመሪያ መንቀጥቀጥ ነው። ቀጥሎ ጣት አልታዘዝ ይላል፣ ምላስ ይያያዛል፣ ሰውየው ይደነቃቀፋል፣ የማይሆን ነገር ይናገራል። ሳይሞቀው መንቀጥቀጡ ካቆመ ነገሩ ከፍቷል ማለት ነው። ወዲያው ከነፋስ መከለል፣ እርጥቡን ማውለቅ፣ ደረቅ ነገር መልበስ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ትኩስና ጣፋጭ ነገር መጠጣት ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። "ለብርድ" ተብሎ የሚጠጣው አረቄ ብርድ አያባርርም። ደም ወደ ቆዳ እንዲወጣ ስለሚያደርግ የሞቃችሁ ይመስላችኋል፣ እውነታው ግን የውስጥ ሙቀታችሁ ወደ ውጭ እየሄደ ነው። አረቄውን ስትመለሱ ጠጡት።

ጋቢ አይበቃም?

ደረቅ ከሆነ ከጋቢ የተሻለ ነገር አላውቅም። ችግሩ ጥጥ መሆኑ ነው። ጥጥ ሲርስ ሙቀት መያዙን ይተዋል፣ ይባስ ብሎ የሰውነታችሁን ሙቀት ይስባል። ሱፍ ግን ርሶም ቢሆን የተወሰነ ይሞቃል። የደጋ ሰው በርኖስና ደበሎ የሚለብሰው፣ እረኛው ዝናብ ሲመጣ ገሳ የሚደፋው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ዘመናት ያስተማሩት ነገር ነው።

ስለዚህ ጋቢውን ያዙ፣ ግን በፌስታል ጠቅልላችሁ ቦርሳ ውስጥ። ስትሄዱ አትልበሱት። ማታ ስትቀመጡ የሚለበስ ደረቅ ልብስ እሱ ነው። ከስር የሱፍ ሹራብ፣ ከላይ ዝናብ የማያሳልፍ ነገር። ሰልባጅ ተራ ውስጥ ጥሩ የሱፍ ሹራብ በርካሽ ይገኛል። ጂንስ ለብሳችሁ አትውጡ፤ ከራሰ ውሎ አድሮም አይደርቅ።

ብዙ ገንዘብ የለኝም። ምን ይዤ ልውጣ?

ቅዳሜ ገበያ አንድ ዙር ብትዞሩ ሁሉንም ታገኛላችሁ። ሁለት ሰው የሚሸፍን ወፍራም ላስቲክ። አሥር ሜትር ገመድ። ቢላዋ። ላይተር፣ በተጨማሪም በላስቲክ የታሸገ ክብሪት። ሁለት ሊትር ውሃ የሚይዝ ነገር። የእጅ ባትሪ ከተለዋጭ ድንጋዩ ጋር። ፊሽካ። ትንሽ መስታወት። አንድ ኪሎ በሶ፣ ቆሎ፣ ስኳርና ጨው። የእግራችሁ ሲርስ የምትቀይሩት አንድ ደረቅ ካልሲ፣ እሱንም በፌስታል።

ሁለት ነገር እጨምራለሁ፣ ሰው የማያስባቸው። አንደኛው ባዶ ማዳበሪያ ነው። ደረቅ ሣር ጠቅጥቃችሁ ብትተኙበት ፍራሽ ነው፣ እግራችሁን ብትከቱበት ከብርድ ያድናል። ሁለተኛው ጧፍ ነው። ቤተክርስቲያን በር ላይ የሚሸጠው ጧፍ በሰም የተነከረ ስለሆነ እርጥበት አይበግረውም፣ ቀስ ብሎ ስለሚነድ እንጨቱ እስኪይዝ ጊዜ ይሰጣችኋል። ቆራርጣችሁ አራት አምስት ቁራጭ ኪስ ውስጥ ያዙ።

ከሁሉም በፊት ግን የማይገዛ ነገር አለ። የት እንደምትሄዱና መቼ እንደምትመለሱ ለአንድ ሰው ተናገሩ። "እሑድ ማታ 12 ሰዓት ካልደወልኩ ሰው ላክ" በሉት። ፈላጊ ከሌለ እዚያው ሁኑ ያልኩት ምክር ዋጋ የለውም።

ማታ የት ልተኛ?

ሸለቆ ስር አይደለም። ቀዝቃዛ አየር እንደ ውሃ ወደ ታች ይፈሳል፣ ክረምት ከሆነ ደግሞ ደራሽ ጎርፍ አለ። አናቱ ላይም አይደለም፤ ነፋስና መብረቅ አለ። ከሸንተረሩ ትንሽ ወረድ ብሎ፣ ነፋሱ ከሚመጣበት በተቃራኒ፣ ቋጥኝ ወይም ዋሻ ጥግ ምረጡ። ዋሻ ከሆነ ከመግባታችሁ በፊት ባትሪ አብሩበት፣ ድንጋይ ወርውሩበት፤ ባለቤት ሊኖረው ይችላል።

ሰው ከላይ ስለሚሸፈነው ያስባል እንጂ ከስር ስለሚነጠፈው አያስብም። ከላይ ከሚመጣው ብርድ መሬቱ ይብሳል። ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል ቢያንስ አንድ ስንዝር አንጥፉ፣ ተጭናችሁትም አንድ ስንዝር መሆን አለበት። ላስቲኩን ዝቅ አድርጋችሁ ወጥሩት፣ ትልቅ ቤት አትሥሩ፤ በትንፋሻችሁ የሚሞቀው ጠባቡ ነው። ይህን ሁሉ ሳይመሽ ጨርሱ። እኛ አገር ጀንበር ከጠለቀች ጨለማው አፍታ አይሰጥም። እጃችሁን ዘርግታችሁ በፀሐይና በአድማሱ መካከል ስንት ጣት እንዳለ ቁጠሩ፤ አንዷ ጣት ሩብ ሰዓት ገደማ ናት። አራት ጣት ሲቀር መሄድ አቁሙ።

እሳት በእርጥብ እንጨት እንዴት ይያያዛል?

መሬት ላይ የወደቀውን ተዉት። ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ የደረቀውን ጭራሮ፣ ስትሰብሩት ቀጭ የሚለውን፣ ልቀሙ። የጽድ ልጥ ከስሩ ደረቅ ነው፤ ፈትጋችሁ ጭድ አስመስሉት። ኩበት ካገኛችሁ ዕድለኛ ናችሁ፣ ቀስ ብሎ ሌሊቱን ይነዳል። ከስር ጥቂት ድንጋይ ደርድሩ፣ ጧፉን አብሩ፣ ከክብሪት እንጨት በማይወፍር ጭራሮ ጀምሩ። የቸኮለ ሰው ፍልጥ ይጭንበትና ያጠፋዋል።

በእሳት ስትጠነቀቁ ግን ለራሳችሁ ብቻ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. መጋቢትና ሚያዝያ ላይ በስሜን ተራሮች የተነሳው ቃጠሎ ከውጭ አገር ጭምር እርዳታ እስኪመጣ ድረስ አስቸግሮ ነበር። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ በበጋ እንደ ጋዝ ነው የሚቀጣጠለው። ፓርኩ ውስጥ እንጨት መቁረጥና ያልተፈቀደ ቦታ እሳት ማንደድ ክልክል ነው። ይሄ ክፍል ነፍስ ለማዳን ሲሆን ብቻ ነው። ስትሄዱም ውሃ አፍስሳችሁ፣ በእጃችሁ ዳስሳችሁ፣ ቀዝቅዞ ነው።

የምንጭ ውሃ ንጹሕ አይደለም?

ጥርት ማለቱ አያሳምናችሁ። ከላይ ከብት አለ፣ ሰፈር አለ። ማፍላት ይሻላል። ከ2,000 ሜትር በላይ ውሃ ቶሎ ይፈላል፣ ግን ሙቀቱ ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ መንተክተክ ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ አቆዩት። ውሃ አጋር የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ከያዛችሁ በዕቃው ላይ በተጻፈው ልክ ተጠቀሙ። ሁለቱም ከሌለ፣ ጥርት ያለ ውሃ በንጹሕ የሃይላንድ ፕላስቲክ ሞልታችሁ ከባድ ፀሐይ ላይ ስድስት ሰዓት አስተኙት። ደመና ከሆነ ሁለት ቀን ይፈልጋል። የደፈረሰ ከሆነ መጀመሪያ በነጠላ አጥሉት።

ሌላ ምንም ከሌለና ውሃ ጥም ከያዛችሁ ግን ያልፈላውንም ጠጡ። ተቅማጡን ሐኪም ቤት ያክሙታል።

በሶው ካለቀ ከዱር ምን ይበላል?

መጀመሪያ፣ አንድ ሁለት ቀን ሳትበሉ ብታድሩ ምንም አትሆኑም። ምግብ ፍለጋ ገደል ለገደል መንከራተት ግን ያስጎዳል።

የማውቃቸውን ልንገራችሁ። ሳማ አንደኛ ነው። የእኛው ሳማ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ነው፣ በሳይንሳዊ ስሙም የስሜንን ስም ተሸክሟል። እጃችሁን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ጫፍ ጫፉን ለጋውን ቅጠሉ፣ ቀቅሉት፣ መለብለቡ ይጠፋል። በጨው ጥሩ ነው፣ የድሮ ሰው ወጥ ይሠራበታል። የዱር እንጆሪ፣ በደንብ የጠቆረ አጋም፣ የበሰለ ኮሽም፣ ዝቅ ሲል ሾላና ዶቅማ ይበላሉ። አጋም ካልበሰለ ወተት ያወጣል፣ ተዉት።

ቁልቋልን ከበለስ እንዳታምታቱ። የቁልቋል ወተት መርዝ ነው፣ ዓይን ከገባ ዓይን ያጠፋል። እንዶድ ለልብስ እንጂ ለሆድ አይደለም። ከፍታው ላይ እንደ ምሰሶ የሚቆመውን ተክል፣ ጅብራን፣ አትቅመሱ። እንጉዳይ ከነጭራሹ ይቅርባችሁ፤ አያቶቻችሁ ያሳዩዋችሁ ካልሆነ በስተቀር። በዋልድባ ገዳም እህል ሳይቀምሱ በቋርፍ፣ ማለትም ከሥራ ሥርና ከመሳሰለው በሚዘጋጅ ምግብ፣ የሚኖሩ መነኮሳት አሉ፣ ይሄን እየጠቀሰ "ሥር ቆፍሬ እበላለሁ" የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። እነሱ ግን የሚበሉትን ከአባቶቻቸው ተምረው ነው የሚያውቁት። ያልተማረው ሰው ሥር እየቆፈረ ዕድሉን ባይሞክር ይሻላል።

ጭላዳ ዝንጀሮ የሚበላውን ነገር ሰውም መብላት ይችላል ይባላል፣ እውነት ነው?

አይደለም። የጭላዳ ዋና ምግቡ ሣር ነው። የእኛ ሆድ ሣር አይፈጭም።

ጅብና ነብርስ?

ነብር ሰው ይሸሻል። ቀይ ቀበሮ የሚያሳድደው አይጥ ነው፣ ከእናንተ ጋር ጉዳይ የለውም። ጭላዳ ካልተጠጋችሁትና ልጁን ካልነካችሁ ምንም አይላችሁም። ጅብ የሚመጣው ሽታ ተከትሎ ነው፣ ምግባችሁን ከምትተኙበት አርቃችሁ ስቀሉ፣ እሳት ካለ ጥሩ ነው፣ ከመጣም ተነስታችሁ ቁሙ፣ ጩኹ፣ ድንጋይ ወርውሩ። አትሩጡ።

እኔ የምፈራው የእረኛና የመንደር ውሻ ነው። ዱላ ሳትይዙ አትውጡ። ውሻ ከመጣ ድንጋይ ለማንሳት እንደምታጎነብሱ አድርጉ፣ አብዛኛው ይመለሳል። ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡና በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ክትባቱ ለነገ የሚባል አይደለም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም ማለት ይቻላል።

ኮምፓስ የለኝም። አቅጣጫ እንዴት ልወቅ?

እዚህ ላይ ረጋ ብላችሁ አንብቡ፣ ምክንያቱም ኢንተርኔት ላይ ያለው ምክር አብዛኛው ለፈረንጅ አገር የተጻፈ ነው። "ቀትር ላይ ፀሐይ በደቡብ ናት፣ ጥላ ወደ ሰሜን ይወድቃል" ይላሉ። ጎንደር ላይ ይሄ የሚሠራው ከዓመቱ ስምንት ወር ገደማውን ብቻ ነው። ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ነሐሴ አጋማሽ ገደማ ቀትር ላይ ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን ናት፣ ጥላችሁም ወደ ደቡብ ይወድቃል። ክረምት ላይ ያንን ምክር የተከተለ ሰው ፊቱን አዙሮ ይሄዳል።

በየትኛውም ወር የሚሠራው የዱላ ዘዴ ነው። ዱላ ትከሉ፣ የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት አድርጉ፣ ሩብ ሰዓት ጠብቃችሁ አዲሱን ጫፍ ምልክት አድርጉ። የመጀመሪያው ጠጠር ምዕራብ፣ ሁለተኛው ምሥራቅ ነው። የሰሜን ኮከብም እኛ ዘንድ ዝቅ ያለች ናት፤ እጅ ዘርግቶ ከአድማሱ በላይ ከአንድ ጭብጥ ትንሽ በልጣ ነው የምትታየው፣ ተራራ ካለ ጭራሽ አትታይም።

ከኮከብ ይልቅ እኔ የምተማመነው በሰው ምልክት ነው። ራቁት በሆነ አገር ላይ ጉብታ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ደን ካያችሁ ቤተክርስቲያን ነው፣ ቤተክርስቲያን ካለ ሰው አለ። ማለዳ ዶሮ ይጮኻል፣ ማታ ከጎጆው ጣሪያ ጭስ ይወጣል፣ ውሻ ይጮኻል። ቁጭ ብላችሁ አዳምጡ። እናንተም ድምፅ ስጡ፦ ሦስት ጊዜ ፊሽካ፣ ትንሽ ዝምታ፣ እንደገና ሦስት። ኡኡታ ለመጮኽ አትፈሩ፤ የአገራችን ሰው ኡኡታ ሰምቶ ዝም አይልም።

ወንዝ ተከትዬ ብወርድ ሰው አገኝ የለ?

ስሜን ላይ አይሠራም። ወንዙ የሚወስዳችሁ ወደ ገደል ነው። የጅንባር ፏፏቴን ያያችሁ ሰዎች ታውቁታላችሁ፤ ወንዙ ረጋ ብሎ ሜዳው ላይ ሲሄድ ይቆይና በአንዴ ወደ 500 ሜትር ይወረወራል። በጉም ወቅት ጫፉ አይታይም። በጭለማና በጉም አትንቀሳቀሱ፣ አለቀ።

ስልኬ ጥቂት ቻርጅ ነው የቀረው።

ፍላይት ሞድ ላይ አድርጉት፣ ደረታችሁ ስር አሙቁት፤ ብርድ ባትሪ ይበላል። በሰዓት አንዴ ከፍ ካለ ቦታ ክፈቱትና ቴክስት ላኩ፣ ምክንያቱም ጥሪ የማያስገባ ኔትወርክ ቴክስት ሊያሳልፍ ይችላል። መልእክቱ ውስጥ ያላችሁበትን፣ የጤናችሁን ሁኔታና "ከዚህ አልነቃነቅም" የሚለውን ጻፉ።

ራሴን አመመኝ፣ ያቅለሸልሸኛል። ድካም ይሆን?

ከ2,500 ሜትር በላይ ከሆናችሁ የከፍታ ሕመም ነው ብላችሁ ያዙት። አትውጡ፣ እረፉ፣ ጠጡ። ካልተሻለ ውረዱ፤ 500 ሜትር መውረድ እንኳ ለውጥ ያመጣል። እንደ ሰካራም መንገዳገድ ወይም ተቀምጦ ትንፋሽ ማጠር ከመጣ መውረድ ብቻ ነው መፍትሔው። ጎንደር መወለድ አያድንም፤ ራስ ደጀን ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

ወደ ቆላው፣ ወደ መተማና ቋራ ብሄድስ?

ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ጠላታችሁ ሙቀት ነው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ጥላ ስር ሁኑ፣ ማለዳና ማምሻ ተጓዙ። በደረቀ የአሸዋ ወንዝ ላይ፣ መታጠፊያው ውጨኛ ዳር ብትቆፍሩ ውሃ ልታገኙ ትችላላችሁ። አጎበር ያዙ፣ ወባ አለ። ማታ ግራር ስርና ኩይሳ አጠገብ አትተኙ፤ ካላዛር የሚባለውን በሽታ የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ እዚያ ትበዛለች። እባብ ከነደፋችሁ አትብጡት፣ አትምጠጡት፣ በገመድ አትጠፍሩት። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር እንደ ተሰበረ አጥንት ደግፋችሁ አታንቀሳቅሱ፣ ሰው ጥሩ።

ፓርኩ ውስጥ ብቻዬን መግባት ይፈቀድልኛል?

አይፈቀድም። ደባርቅ ላይ ተመዝግባችሁ፣ ከፍላችሁ፣ ስካውት የሚባለውን የፓርኩን ጠባቂ ይዛችሁ ነው የምትገቡት። ስካውቱን እንደ ወጪ አትዩት፤ ጉሙ ከየት እንደሚመጣ የሚያውቀው እሱ ነው። የትም ብትሄዱ ከመነሳታችሁ በፊት ስለ መንገዱ ጸጥታ በዚያው ሳምንት የተመላለሰ ሹፌር ጠይቁ፣ የወታደር የሚመስል ልብስም አትልበሱ።

እንግዲያው የት ልለማመድ?

ገጠር ዘመድ የሌለው ጎንደሬ ጥቂት ነው። አጎታችሁ እርሻ ላይ፣ ልጆች ሰብል የሚጠብቁበት ማማ አጠገብ፣ በአንድ ላስቲክና በአንድ ማዳበሪያ አንድ ሌሊት እደሩ። ቤቱ 100 እርምጃ ላይ ስለሆነ ብትሳሳቱ ትገባላችሁ። መጀመሪያ በበጋ ሞክሩት፣ ቀጥሎ ዝናብ ባለበት ቀን። እሳቱን በአንድ ክብሪት ለማያያዝ ሞክሩ። ጠዋት እረኞቹ ሲመጡ ጠይቋቸው፦ ጉም ሲወርድ የት ትጠለላላችሁ፣ የትኛውን ፍሬ ትበላላችሁ፣ የቱን ትተዋላችሁ? ማስታወሻ ደብተር ይዛችሁ ሂዱ።